የፖርት ቅኝት ምን ይመሰክራል? ከፎገራ ሜዳ አንጻር የታየ የማስረጃ ጥያቄ

የአንድን መሥሪያ ቤት የኔትወርክ ደኅንነት የሚገመግም የመመረቂያ ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሠንጠረዥ አያጣውም። በሠንጠረዡ አንድ ዓምድ የፖርት ቁጥር፣ በሁለተኛው ‹‹ክፍት››፣ ‹‹ዝግ›› ወይም ‹‹የተጋረደ›› የሚል ቃል፣ በሦስተኛው ደግሞ የአገልግሎቱ ስም ይሰፍራል። ከሠንጠረዡ ቀጥሎ መደምደሚያው ይመጣል፤ ይህን ያህል ፖርት ክፍት ስለ ሆነ ተቋሙ ለአደጋ ተጋልጧል፣ ወይም ሁሉም ስለ ተጋረደ ተቋሙ የተጠበቀ ነው ይላል። በሠንጠረዡና በመደምደሚያው መካከል ግን መጠየቅ ያለበት አንድ ጥያቄ ሳይጠየቅ ይታለፋል፤ መልሱን የሰጠው ማን ነው?

የዚህ ጽሑፍ አቋም አጭር ነው። የፖርት ቅኝት ውጤት ስለ ኮምፒውተሩ የተሰጠ ምስክርነት ሳይሆን፣ ቅኝቱ ከተነሣበት ቦታ እስከ ኮምፒውተሩ ድረስ ስላለው መንገድ ሁሉ የተሰጠ ምስክርነት ነው። ስለዚህ መንገዱን ያልመረመረ ሠንጠረዥ እንደ ማስረጃ ሊቀበሉት አይገባም። ይህ ነገር በየትኛውም አገር እውነት ነው፤ ነገር ግን የሳተላይት መስመር፣ በጋራ አድራሻ የሚሠራ የሞባይል ኢንተርኔትና የሚቆራረጥ ኃይል በአንድነት በሚገኙበት እንደ ወረታ ባለ ከተማ ከሌላው ይልቅ ይከብዳል።

የመልሱ ባለቤት

የኔትወርክ ፖርት ከ0 እስከ 65,535 የሚቆጠር የአገልግሎት በር ነው። ጎርደን ላዮን እ.ኤ.አ. በመስከረም 1997 ይፋ ያደረገውና ዛሬም በስፋት የሚሠራበት ኤንማፕ የተባለው መሣሪያ እነዚህን በሮች አንድ በአንድ ያንኳኳል። በቲሲፒ ሥርዓት የ‹‹ሲን›› ፓኬት ተልኮ ‹‹ሲን-አክ›› ከተመለሰ ፖርቱ ክፍት ይባላል፤ ‹‹ሪሴት›› ከተመለሰ ዝግ ይባላል፤ ምንም ካልተመለሰ ወይም የማይደረስ መሆኑን የሚገልጽ የአይሲኤምፒ መልእክት ከመጣ የተጋረደ ይባላል። ሦስቱ ቃላት የተላከውና የተመለሰው ነገር መግለጫዎች ናቸው። ‹‹ክፍት›› ማለት ‹‹ከዚያ አድራሻ ስም የእሺታ መልስ መጣ›› ማለት ነው እንጂ ‹‹በዚያ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ አገልግሎት አለ›› ማለት አይደለም። በሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች መካከል ያለው ርቀት ነው ብዙ ገምጋሚዎችን የሚያሳስተው።

የወረታ አካባቢ ለዚህ የሚቀርብ ምሳሌ ራሱ አለው። የጉማራ ወንዝ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደውን መንገድ አቋርጦ በፎገራ ሜዳ በኩል ወደ ጣና ይወርዳል። የወንዝን ፍሰት የሚለካ ባለሙያ በድልድይ አጠገብ መለኪያ ያቆማል። በበጋ መለኪያው የሚያሳየው ቁጥርና በወንዙ ውስጥ የሚሄደው ውኃ ይቀራረባሉ። በክረምት ወንዝ ከዳርቻው ወጥቶ ሜዳውን ሲያለብስ ግን በሜዳው ላይ የሚሄደው ውኃ በመለኪያው ሥር አያልፍም። መለኪያው አልተበላሸም፤ የቆመበትን ቦታ በትክክል ይናገራል። ስሕተቱ የሚመጣው የአንድን ነጥብ ንባብ የሜዳው ሁሉ ንባብ አድርጎ የሚወስድ ሰው ሲያነበው ነው። የፖርት ቅኝትም እንዲሁ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ መሣሪያው አይዋሽም፤ የሚሳሳተው አንባቢው ነው።

አንድ መስመር፣ ሁለት ተቃራኒ ስሕተቶች

የወረዳ መሥሪያ ቤቶችን ከክልልና ከፌዴራል ተቋማት ጋር ለማገናኘት የተዘረጋው ወረዳኔት በመጀመሪያዎቹ ዓመታቱ በአብዛኛው በሳተላይት ላይ የተመሠረተ ነበር፤ ዛሬም የፋይበር መስመር ባልደረሰበት ሥፍራ ሳተላይት አማራጭ ሆኖ ይኖራል። በምድር ወገብ አናት ላይ በአንድ ቦታ የቆመች የምትመስለው ሳተላይት ከምድር 35,786 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። አንድ ፓኬት ወጥቶ ሲወርድ ቢያንስ 71,572 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ መልሱም ያንኑ ያህል። በብርሃን ፍጥነት ሲሰላ፣ የመሣሪያዎቹ መዘግየት ሳይጨመር፣ የደርሶ መልሱ ጉዞ ብቻ 477 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይወስዳል።

አሁን የቅኝቱን መሣሪያ እንመልከት። ኤንማፕ ከ0 እስከ 5 የተቆጠሩ የፍጥነት ደረጃዎች አሉት። ጊዜ ለመቆጠብ ሲባል የሚመረጠው የመጨረሻው ደረጃ ለአንድ መልስ የሚጠብቀው ቢበዛ 300 ሚሊ ሰከንድ ነው። መልሱ ለመድረስ ከ477 ሚሊ ሰከንድ በላይ በሚፈልግበት መስመር ላይ በ300 ሚሊ ሰከንድ ተስፋ የሚቆርጥ ጠያቂ የሚያገኘው ነገር በአብዛኛው ዝምታ ነው። ዝምታውም በሠንጠረዡ ላይ ‹‹የተጋረደ›› ተብሎ ይጻፋል። በዚህ መንገድ ምንም ፋየርዎል የሌለው ተቋም በጠንካራ ፋየርዎል የተጠበቀ መስሎ ሊታይ ይችላል። አደገኛው ስሕተት ይህ ነው፤ ምክንያቱም የሚያስከትለው እፎይታን እንጂ ምርመራን አይደለም።

በዚያው መስመር ላይ ፍጹም ተቃራኒው ስሕተትም ይደርሳል። የሳተላይት መዘግየት የቲሲፒን ግንኙነት ስለሚያዳክም፣ ብዙ የሳተላይት መሣሪያዎች ግንኙነቱን የሚያፋጥን አማላጅ በመካከል ያስገባሉ። ይህ አማላጅ የሩቁ ኮምፒውተር እስኪመልስ ሳይጠብቅ በእርሱ ስም ‹‹ሲን-አክ›› ይመልሳል፤ ከዚያም በኋላ እውነተኛውን ግንኙነት ለመፍጠር ይሞክራል። ለተራ ተጠቃሚ ይህ ጥቅም ነው። ለቃኚው ግን እያንዳንዱ የተንኳኳ በር ‹‹ግባ›› የሚል ድምፅ ያሰማዋል፤ ከበስተጀርባው ኮምፒውተሩ ቢጠፋ እንኳ። ከሺህ ፖርት ሺሁም ክፍት ሆኖ የተገኘበት ሠንጠረዥ የአንድ ግድየለሽ ባለሙያ ሥራ ተደርጎ ከመተርጎሙ በፊት የአማላጁ ድምፅ መሆን አለመሆኑ መጣራት አለበት። የጎርፍ ጥቃትን ለመከላከል ሲሉ ‹‹ሲን›› ፓኬቶችን በራሳቸው የሚቀበሉ ፋየርዎሎችም ይህንኑ ውጤት ያሳያሉ።

እንግዲህ አንድ መስመር፣ እንደ ቃኚው ፍጥነትና እንደ መካከለኛው መሣሪያ ጠባይ፣ ‹‹ሁሉም የተጠበቀ ነው›› ወይም ‹‹ሁሉም የተጋለጠ ነው›› ሊያሰኝ ይችላል። ሁለቱም ስለ ኮምፒውተሩ ምንም አልተናገሩም።

የጋራ አድራሻና ትርጉሙ የማይታወቅ ዝምታ

በሞባይል ኢንተርኔት የሚሠራ ቢሮ ሌላ ወጥመድ አለበት። የዓለም የአይፒ አድራሻ ቁጥር (በአራተኛው እትም) ስላለቀ፣ አገልግሎት ሰጪዎች በብዙ አገሮች አንድን የአደባባይ አድራሻ ለብዙ ደንበኞች ያካፍላሉ። ለዚሁ ሥራ የሚውል የአድራሻ ክልል እ.ኤ.አ. በ2012 በዓለም አቀፍ ደረጃ ተለይቷል። በእንዲህ ያለ መስመር ላይ የተቀመጠ ተማሪ ‹‹የቢሮው አድራሻ›› ብሎ በድረ ገጽ ያገኘውን ቁጥር ከውጭ ቢቃኝ፣ የሚመልስለት የቢሮው ራውተር ሳይሆን የአገልግሎት ሰጪው ትልቅ መሣሪያ ነው። በሠንጠረዡ ላይ የሚወጣው ፖርት የቢሮው ንብረት አይደለም። ከዚህም አልፎ ተማሪው ፈቃድ ያላገኘበትን የሌላ ወገን መሣሪያ ቃኝቷል ማለት ነው፤ ወደዚህ ነጥብ በኋላ እንመለሳለን።

ዝምታም አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። የጠፋ መብራት፣ የተቋረጠ መስመርና ፓኬትን ያለ መልስ የሚጥል ፋየርዎል ከሩቅ ሲታዩ አንድ ናቸው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደ ነበር ይታወቃል። ከዚያ በፊትና በዚያ ጊዜ የተደረጉ ሁለት ቅኝቶችን አነጻጽሮ ‹‹የክፍት ፖርቶች ቁጥር ቀንሷል፤ ስለዚህ ጥበቃው ተሻሽሏል›› የሚል ጥናት ቢጻፍ አኀዙ ትክክል፣ ትርጉሙ ግን ፍጹም ሐሰት ይሆናል። ስለዚህ የቅኝቱ ቀንና ሰዓት፣ በዚያም ሰዓት መስመሩ መሥራቱን የሚያረጋግጥ ሌላ ምልክት ከሠንጠረዡ ተለይተው ሊቀሩ አይገባም።

በዩዲፒ ሥርዓት ደግሞ ችግሩ በባሕርዩ የተተከለ ነው። ክፍት የዩዲፒ ፖርት ለማያውቀው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ዝም ይላል፤ የተጋረደውም ዝም ይላል። ኤንማፕ በታማኝነት ‹‹ክፍት ወይም የተጋረደ›› ብሎ ሁለቱንም ይጽፋል፤ ወደ ሠንጠረዥ ሲገለበጥ ግን ሁለተኛው ቃል ይጠፋና ‹‹ክፍት›› ብቻ ይቀራል። ከዚህም ጋር ሊኑክስ ‹‹ፖርቱ አይደረስም›› የሚለውን የአይሲኤምፒ መልእክት በሰከንድ ወደ አንድ ገደማ ይገድባል። ሁሉም 65,536 ፖርቶች በዚህ ፍጥነት ቢመረመሩ ከ18 ሰዓት በላይ ይፈጃል። በአንድ የሻይ ዕረፍት የተጠናቀቀ ሙሉ የዩዲፒ ቅኝት ከታየ፣ ብዙ ዝግ ፖርቶች መልስ ሳይሰጡ እንደታለፉ መጠርጠር ተገቢ ነው።

ስሙ ያልተጠየቀ አገልግሎት

ሦስተኛው ዓምድ፣ የአገልግሎቱ ስም፣ ከሁሉም ይልቅ ያታልላል። ኤንማፕ ተጨማሪ ትእዛዝ ካልተሰጠው በቀር ከፖርቱ ጎን የሚጽፈውን ስም የሚያገኘው ከራሱ ዝርዝር ነው እንጂ አገልግሎቱን ጠይቆ አይደለም። በፖርት 80 ላይ የሚሠራው ማንኛውም ነገር ይሁን፣ በሠንጠረዡ የሚወጣው የድር አገልግሎት ስም ነው። ከሺህ የሚበልጡ ፖርቶችም ሳይጠየቁ ይቀራሉ፤ ያለ ተጨማሪ ትእዛዝ የሚመረመሩት በብዛት የሚታወቁት 1,000 ፖርቶች ብቻ ናቸው። የቢሮው የሒሳብ ፕሮግራም በማይታወቅ ከፍተኛ ቁጥር ላይ ከተተከለ በሠንጠረዡ ላይ ፈጽሞ አይታይም።

አገልግሎቱን በእርግጥ መጠየቅም ጥንቃቄ ይሻል። የቢሮ ፕሪንተሮች በፖርት 9100 የተላከላቸውን ማንኛውንም ነገር ያትማሉ። ስለዚህም ኤንማፕ የአገልግሎት ዓይነት ሲጠይቅ ያንን ፖርት ሳይጠይቅ ያልፋል። ይህን የማያውቅ ቃኚ ክልከላውን በራሱ ፈቃድ ካነሣው፣ የግምገማው የመጀመሪያ ውጤት በወረቀት ላይ የሚወጣ ትርጉም የለሽ ጽሑፍ ሊሆን ይችላል።

ከኢትዮጵያ የተገኘ ትምህርት

የቅኝት ውጤት ምን ያህል እንደሚናገርና የት ላይ እንደሚያቆም ለማየት ከኢትዮጵያ ጋር የተያያዘ የታወቀ ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2012 ራፒድ7 በተባለው ኩባንያ የሚሠራ ተመራማሪ፣ ፊንፊሸር የተባለው የስለላ ሶፍትዌር ሰርቨር ለማይጠብቀው ጥያቄ ‹‹ሃሎ ስቴፊ›› የሚል እንግዳ መልስ እንደሚሰጥ አስተዋለ። ይህንኑ መልስ በዓለም ኔትወርክ ላይ ሲፈልግ ኢትዮጵያን ጨምሮ በበርካታ አገሮች አገኘው። ይፋ ከሆነ በኋላ የሰርቨሮቹ ጠባይ ተለወጠ። በመጋቢት 2013 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ በአዲስ መለያ ቃኝቶ በ25 አገሮች ውስጥ ሰርቨሮች መገኘታቸውን ገለጸ፤ ከእነርሱ አንዱ በኢትዮ ቴሌኮም አድራሻ ላይ ነበር።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ለድኅረ ምረቃ ተማሪ የሚጠቅሙ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ተመራማሪዎቹ ‹‹ፖርቱ ክፍት ነው›› በማለት አልረኩም፤ ከሌላ አገልግሎት የማይጠበቅ መልስ ፈለጉ። ሁለተኛ፣ ሰርቨር በአንድ አገር መገኘቱ ብቻውን የዚያ አገር መንግሥት እንደሚጠቀምበት እንደማያረጋግጥ በዘገባቸው ውስጥ አስፍረዋል፤ በኢትዮጵያው ጉዳይ ላይ ቅኝቱን የደገፉት ከዚያው አድራሻ ጋር የሚገናኝ የሶፍትዌር ናሙና በማቅረብ፣ ማለትም በሌላ ዓይነት ማስረጃ ነው። ሦስተኛ፣ ይኸው ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ጥናት የዚህ ሶፍትዌር ሰርቨሮች ብዙ ጊዜ የዋናውን ሰርቨር ቦታ የሚሸፍኑ አስተላላፊዎች መሆናቸውን አሳይቷል። መልሱ የመጣበት አገርና መልሱን የሚያዘው ሰው ያለበት አገር የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ። በእንዲህ ያለ ከባድ ጉዳይ ላይ ይህን ያህል ጥንቃቄ ካስፈለገ፣ የአንድ ወረዳ ቢሮ ባለሙያ ስም በሚነሣበት የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ለምን ያንሳል?

መፍትሔው ውድ አይደለም

የተጠራጠሩትን ውጤት ማጣራት አዲስ መሣሪያ አይጠይቅም። መጀመሪያ፣ ኤንማፕ ለእያንዳንዱ ፍርዱ ምክንያቱን እንዲጽፍ ይታዘዝ፤ ያኔ ከ‹‹ሪሴት›› የመጣው ‹‹ዝግ›› እና ከዝምታ የመጣው ‹‹የተጋረደ›› ተለይተው ይታያሉ። ቀጥሎ፣ የመልሶቹ የዕድሜ ቁጥር ይነበብ። እያንዳንዱ ፓኬት ራውተር ባለፈ ቁጥር በአንድ የሚቀንስ ቁጥር ይዞ ይጓዛል፤ መነሻውም በሊኑክስ ብዙውን ጊዜ 64፣ በዊንዶውስ 128፣ በብዙ የኔትወርክ መሣሪያዎች 255 ነው። ለምሳሌ ከአንድ አድራሻ በፖርት 22 የመጣው መልስ 52፣ በፖርት 80 የመጣው ደግሞ 61 ቢይዝ፣ ሁለቱን መልሶች የሰጡት ሁለት የተለያዩ መሣሪያዎች መሆናቸው እጅግ ያስጠረጥራል።

ሆን ተብሎ የማረጋገጫ ቁጥሩ የተበላሸ ፓኬት መላክም ሌላ መፈተኛ ነው። ጤናማ ኮምፒውተር እንዲህ ያለውን ፓኬት ዝም ብሎ ይጥለዋል፤ መልስ ከመጣ የመለሰው ቁጥሩን ሳያረጋግጥ የሚያሳልፍ የመካከል መሣሪያ ነው ማለት ነው። ክፍት በተባለው ፖርት ላይ ደግሞ ግንኙነቱን እስከ መጨረሻው ማካሄድና አገልግሎቱን አንድ ቃል ማናገር ያስፈልጋል፤ አማላጁ እጅ መጨበጥ ይችላል፣ የሌለውን አገልግሎት ቋንቋ ግን አይናገርም። ቅኝቱም በዝግታ፣ ለመስመሩ በሚስማማ የጥበቃ ጊዜ ይደገም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሁለተኛ መቆሚያ ነው። ከባሕር ዳር ወይም ከደብረ ታቦር የተቃኘ የወረታ ቢሮ በዚያው ቢሮ ውስጥ ባለ ኬብል ላይ ሆነው ደግመው ሊቃኙት፣ በራሱ በኮምፒውተሩ ላይም የትኛው ፕሮግራም በየትኛው ፖርት ላይ እንደሚያዳምጥ ሊጠይቁት ይገባል። ሦስቱ ዝርዝሮች ከተስማሙ ውጤቱ ጸንቷል። ካልተስማሙ ልዩነታቸው ራሱ የጥናቱ ግኝት ነው፤ በመካከል ያለውን መሣሪያ የሚገልጠው እርሱ ነውና። ለዚህ የሚያስፈልገው የአንድ ቀን የአውቶቡስ ጉዞና የቢሮው ፈቃድ ነው።

ፈቃዱ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ሥልጣን ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን በወንጀል ያስቀጣል። ቅኝት መግባት ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ክርክር ተማሪ በራሱ ላይ ሊፈትነው አይገባም። በጽሑፍ የተሰጠ፣ አድራሻውንና ቀኑን የሚጠቅስ ፈቃድ ተማሪውንም ተቋሙንም ይጠብቃል፤ ከዚያም በላይ ቃኚውን ወደ ውስጥ ያስገባዋል፤ ሁለተኛው መቆሚያ የሚገኘውም በዚሁ በር ነው።

ሊነሡ የሚችሉ ሁለት ተቃውሞዎች

‹‹አጥቂውም ከውጭ ሆኖ የሚያየው ይኸንኑ ነው፤ ስለዚህ ከውጭ የታየው ይበቃል›› የሚል ሊኖር ይችላል። ክርክሩ ክብደት አለው፤ የውጭ ቅኝት ዋጋ የሚያገኘውም በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን አጥቂ ተማሪው በቆመበት ቦታ እንዲቆም የሚያስገድደው የለም። በቢሮው ዋይፋይ ላይ፣ በተበከለ ፍላሽ አማካይነት በውስጥ ባለ ኮምፒውተር ላይ፣ ወይም ትዕግሥት ባለው ዝግተኛ ቅኝት ሊመጣ ይችላል። በ300 ሚሊ ሰከንድ ተስፋ ለቆረጠ ቃኚ የተጋረደው በር አንድ ሰከንድ ለሚጠብቅ ሌላ ሰው ክፍት ነው።

‹‹ስሕተቱ ወደ ማስጠንቀቅ ካደላ ምን ይጎዳል?›› የሚልም ይኖራል። ጉዳቱ በትንሽ ተቋም ላይ ጎልቶ ይታያል። ብሔራዊ የሩዝ ምርምር ማዕከል፣ ደረቅ ወደብ፣ ኮሌጅና የባንክ ቅርንጫፎች በሚገኙባት በወረታ እንኳ፣ ብዙ ቢሮዎች የኔትወርክ ጉዳይ የሚያዩት በአንድ ባለሙያ ነው። ያ ባለሙያ የሳተላይት አማላጅ የፈጠራቸውን የሐሰት በሮች ሲዘጋ የሚያሳልፈው ሳምንት፣ እውነተኛውን በር ሳይዘጋ የሚያሳልፈው ሳምንት ነው። ለማያስፈልግ ፋየርዎል የወጣው ገንዘብ ለመጠባበቂያ ኃይልና ለመረጃ ቅጂ ሳይውል ይቀራል። የባለሙያውም መልካም ስም በማይገባ ፍርድ ይጎድፋል፤ እርሱ ደግሞ ሠንጠረዡን ለመቃወም የጥናቱ ፈታኝ ፊት የሚቆምበት ዕድል የለውም።

ትምህርት ክፍሎች ምን ይጠይቁ?

አማካሪዎችና ፈታኞች የፖርት ቅኝትን የያዘ ጽሑፍ ሲቀበሉ አራት ነገሮችን የግድ ቢያደርጉ ይበቃል፤ ቅኝቱ የተነሣበት ቦታ፣ መስመሩና ጊዜው ይገለጽ፤ ለእያንዳንዱ ፍርድ የመልሱ ምክንያት ይያያዝ፤ ቢያንስ ሁለት መቆሚያዎች ይነጻጸሩ፤ የጽሑፍ ፈቃድ ይቅረብ። እነዚህ የሌሉት ሠንጠረዥ በአባሪ ይቀመጥ እንጂ መደምደሚያ አይጫንበት።

የዓረፍተ ነገሩም አነጋገር ይታረም። ‹‹የቢሮው ፖርት 80 ክፍት ነው›› ከማለት ይልቅ ‹‹በዚህ ቀን፣ ከዚህ ቦታ፣ በዚህ መስመር በኩል ሲጠየቅ በፖርት 80 ይህ መልስ መጣ፤ በውስጥ በኩል ሲጣራም ይህ ሆኖ ተገኘ›› ማለት ይረዝማል፤ እውነት ግን ነው። በእንዲህ ያለ አነጋገር የተጻፈን ግምገማ የቢሮው ባለሙያ በእጁ ይዞ የትኛውን በር ዛሬ መዝጋት እንዳለበት ማወቅ ይችላል።